የጎን ውጋት ሁሉ ጠጠር አይደለም

ጎኑን በእጁ ደግፎ ወደ መድኃኒት ቤታችን የሚገባ ሰው ብዙ ጊዜ «ጠጠሬ ተነሣብኝ፤ ዲክሎፌናክ ስጪኝ» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ግምቱ ትክክል ነው። አልፎ አልፎ ግን ሕመሙ የሚነሣው ለኩላሊት ደም ከሚያደርሰው ቧንቧ ነው።

የዚህ ቧንቧ ግድግዳ 3 ሽፋኖች አሉት። የውስጠኛው ሽፋን ያለ አንዳች ምት ሲሰነጠቅ ደም በሽፋኖቹ መካከል ይገባና መተላለፊያውን ያጠበዋል። ደም ጨርሶ ያጣው የኩላሊት ክፍል ይሞታል። ደም ያነሰው ደግሞ ሬኒን የተባለ ንጥረ ነገር ስለሚለቅ የደም ግፊት በድንገት ያሻቅባል። በሽታው ብርቅ ነው፤ ሆኖም ጤነኛ ነኝ ባይ ጎልማሳን፣ በተለይ ወንዶችን ይይዛል።

ተራ አልትራሳውንድ ሊስተው ይችላል። በደም ሥር ቀለም ተሰጥቶ የሚነሣው ሲቲ ስካን ግን ያሳየዋል። ስለዚህ «ጠጠር የለም» ተብለው ውጋቱ ካልለቀቀዎ፣ ይልቁንም ግፊትዎ አዲስ ከፍ ካለ፣ የኩላሊትዎ የደም ቧንቧ እንዲታይ ሐኪምዎን ይጠይቁ። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌንን እየደጋገሙ አይውሰዱ፤ ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ይቀንሳሉ (ሽያጩ ቢቀርብኝ ይሻለኛል)።

ሕክምናው በዋናነት ግፊትን መቆጣጠር ነው፤ ለአንዳንዱ ደም ማቅጠኛ፣ ለጥቂቶች ስቴንት ወይም ቀዶ ጥገና ይታዘዛል። ደም ማቅጠኛ ከጀመሩ ሐኪምዎን ሳይጠይቁ አስፒሪን አይጨምሩበት።