ያልተሸጠ የአደን ዓመት

በጅማው ንጉሥ በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን ሒርማታ ገበያ የወጣ ነጋዴ ከቡናው ጎን የዝሆን ጥርስና ዝባድ ያገኝ ነበር። ጫካው የሚሰጠው ሁሉ፣ ፍሬውም አውሬውም፣ እዚያው ጅማ ላይ ዋጋ ይቆረጥለታል። ዛሬ ቡናው በምርት ገበያና በኒውዮርክ ይተመናል፤ የዝሆን ጥርስ ዓለም አቀፍ ንግድ ከታገደ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ከትልልቆቹ የዱር እንስሳት በሕግ የሚሸጠው በዋናነት አንድ ነገር ነው፦ የውጭ አገር አዳኝ በዶላር ከፍሎ፣ በተከለለ የአደን ቀበሌ፣ በተቆጠረ ኮታ፣ ያረጀ ወንድ እንስሳ የሚገድልበት ፈቃድ። ከጅማ ብዙም ሳይርቅ በምዕራብ ኦሮሚያ የሚገኘው ሀሮ አባ ዲኮ ጎሽ የሚኖርበት፣ ለዚህ ዓይነቱ አደን የተከለለ ስፍራ ነው።

አደኑ ይፈቀድ ወይስ ይከልከል የሚለው ክርክር ረጅም ስለሆነ እዚህ አልገባበትም። እኔን የሚገርመኝ ዋጋው ነው። ወረርሽኝ ገብቶ አውሮፕላን ሲቆም፣ የአሜሪካ ባንኮች ሲወድቁ፣ የአገር ገንዘብ ሲረክስ የቡና ዋጋ እንደ ወባ በሽተኛ አንዴ ይግላል፣ አንዴ ይበርዳል። የአደን ሳፋሪ ዋጋ ዝርዝር ግን በወረቀት ላይ ንቅንቅ ያለ አይመስልም። ይህ ለምን እንደሆነ መረዳት የሚፈልግ ሰው ዋጋው ምን ምን እንደያዘ ማየት አለበት።

የሳፋሪ ዋጋ አንድ ቁጥር አይደለም። የቀን ክፍያ የሚባል አለ፤ መኪናውን፣ ድንኳኑን፣ ምግቡን፣ ባለሙያ አዳኙንና ዱካ ፈላጊዎቹን የሚሸፍን ሲሆን የሚገባውም ለአስጎብኚው ድርጅት ነው። እንስሳው ሲገደል ለመንግሥት የሚከፈል ሌላ ሒሳብ አለ። ከዚያ የፈቃድ፣ የጠመንጃ ማስገቢያ፣ ቀንዱንና ቆዳውን አዘጋጅቶ የመላኪያ ወጪ ይከተላል። በአገራችን ለእንስሳው የሚከፈለው በደንብ ቁጥር 163/2000 የተወሰነ ነው። ከኢትዮጵያ በቀር በየትም የማይገኘው የደጋ አጋዘን ለውጭ አዳኝ 15 ሺህ ዶላር ተተምኗል። ከገቢውም 85 በመቶው ለክልሉ፣ ቀሪው ለፌዴራል መንግሥት ይሆናል። እንግዲህ በደንብ የተጻፈ ታሪፍ ገበያው ስለቀዘቀዘ ብቻ አይወርድም፤ ደንቡ ራሱ መሻሻል አለበት።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ በኢትዮጵያ ተገኘ። በሳምንቱ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ 30 አገሮች የሚያደርገውን በረራ አቆመ፤ መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በዚያን ሰሞን አጋሮ ወይም ሊሙ ኮሳ ያለ ገበሬ ጎተራው ውስጥ ጀንፈል ነበረው እንበል። የውጭው ገበያ ግራ ተጋብቷል፤ ካፌዎች ተዘግተዋል፣ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ማፍላት ይዟል፣ ቡና የሚቆሉ ድርጅቶች አንዴ ያከማቻሉ፣ አንዴ እጃቸውን ይሰበስባሉ። በሰኔ ወር የአረቢካ ዋጋ በኒውዮርክ በፓውንድ ከአንድ ዶላር በታች ወረደ። ገበሬው ግን አማራጭ ነበረው። ጀንፈሉን በደንብ አድርቆ፣ እርጥበት ሳይነካው ካስቀመጠ ወራትን ማለፍ ይችላል። በሐምሌ 2013 የብራዚል ቡና በውርጭ ተመታ፤ በዓለም ዙሪያ የመርከብ ኮንቴይነር ጠፋ፤ በየካቲት 2014 ያው ፓውንድ ከ2 ዶላር ከ50 በላይ ተሸጠ። ያቆየ ሁሉ አተረፈ ማለቴ አይደለም። የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ፣ የማዳበሪያ ዕዳ፣ የሰብሳቢ ቅድሚያ ብድር ያለበት ሰው ፈረሱላውን በወቅቱ ዋጋ ሰጥቶታል። ቢያንስ ግን ዕቃው የሚቀመጥ ዕቃ ነው።

የ2012 የአደን ቀን ግን ጎተራ አይገባም። ጎሹ እርግጥ አልሞተም፤ ኮታውም ወደሚቀጥለው ዓመት ሊሻገር ይችል ይሆናል። ድርጅቱ ለዚያ ዓመት የከፈለው የቀበሌው ኪራይ፣ የጥበቃዎቹ ደመወዝ፣ ቆሞ የዋለው መኪና ግን ተመልሶ አይመጣም። በምጣኔ ሀብት ሰዎች ዘንድ እንዲህ ያለው ሸቀጥ የሚጠፋ ሸቀጥ ይባላል፤ እንደ ባዶ የሆቴል አልጋ፣ ካልተሸጠበት ሌሊት ጋር ያልፋል። ሆቴሎች በወረርሽኙ ጊዜ አልጋቸውን በግማሽ ዋጋ ሲሰጡ አይተናል። አዳኝ ድርጅቶች ለምን እንዲሁ አላደረጉም?

አንደኛው ምክንያት ቀላል ነው። ቅናሽ የሚጠቅመው ደንበኛው መምጣት እየቻለ ዋጋው ሲከለክለው ነው። በ2012 ግን ደንበኛውን ያስቀረው የተዘጋ ድንበርና የቆመ አውሮፕላን ነበር። ደቡብ አፍሪካ የዚህ ንግድ ትልቋ ገበያ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የተመራማሪዎች ጥናት አደኑ ለአገሪቱ ኢኮኖሚ በዓመት ከ341 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደሚያስገኝና ወደ 17 ሺህ የሥራ ዕድል እንደሚደግፍ ገምቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 አገሪቱ በመጋቢት መዝጋት ጀምራ ድንበሯን የከፈተችው በመስከረም 21 ቀን 2013 ነበር። የአደኑ ዋና ወራት ከግንቦት እስከ መስከረም ናቸው። ወቅቱ እንዳለ አለፈ። ያኔ ዋጋውን ወደ ዜሮ ቢያወርዱትም የሚመጣ አልነበረም።

ሁለተኛው ምክንያት ቦትስዋና ውስጥ ከወረርሽኙ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ታይቷል። አገሪቱ ለአምስት ዓመት የዘጋችውን አደን መልሳ ፈቅዳ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 ጋቦሮኔ ላይ የመጀመሪያውን የዝሆን ጨረታ አደረገች። እያንዳንዳቸው አሥር ዝሆን የያዙ ሰባት ጥቅሎች ቀረቡ። ስድስቱ በ25.7 ሚሊዮን ፑላ ተሸጡ፤ ለአንድ ዝሆን ሲካፈል ወደ 39 ሺህ ዶላር ይጠጋል። ሰባተኛው ግን ከመነሻ ዋጋው ስላልደረሰ ሳይሸጥ ተመለሰ። የዚህ ንግድ ልማድ እዚህ ላይ ግልጽ ነው፤ ከማርከስ ይልቅ አለመሸጥ። አንድ ጊዜ ርካሽ የተባለ የደጋ አጋዘን በሚቀጥለው ዓመት በቀድሞ ዋጋው ሲቀርብ ደንበኛው የሚጠይቀው ያምናውን ነው። ምትክ የሌለው ነገር ሻጭ ይህን ያውቃል። ተራ የሜዳ አጋዘኖችን በብዛት የሚያቀርቡት የደቡብ አፍሪካ የግል እርሻዎች ግን ጎረቤታቸው ቢቀንስ እነሱም ለመቀነስ ይገደዳሉ። በአንድ አህጉር፣ በአንድ ወረርሽኝ ሁለት ዓይነት ዋጋ የታየው ለዚህ ነው።

ገንዘብ ራሱ የሚሠራው ሥራ አለ፤ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህንን ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 2020 ላይ አንድ ዶላር 14 ራንድ ገደማ ነበር፤ በሚያዝያ 19 ራንድ ደረሰ። በዝርዝሩ ላይ 10 ሺህ ዶላር የተባለ ሳፋሪ በጥር 140 ሺህ ራንድ ያስገባ የነበረው ወደ 190 ሺህ ራንድ ከፍ አለ። ለአሜሪካዊው ዋጋው አልተነቃነቀም፤ ለደቡብ አፍሪካዊው አንድ ሦስተኛ ጨመረ። በእኛም ዘንድ ሒሳቡ ተመሳሳይ ነው። የደጋ አጋዘኑ 15 ሺህ ዶላር በ2012 መጋቢት ምንዛሪ ግማሽ ሚሊዮን ብር አይሞላም ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ ያው ክፍያ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል ብር በላይ ሆነ። ታሪፉ አንድ ፊደል ሳይቀየር ገቢው በብር ሦስት እጥፍ አደገ ማለት ነው። ነዳጁ፣ ጎማውና ጥይቱም በዶላር የሚመጡ ናቸው፤ ስለዚህ ሦስት እጥፉ ሁሉ ትርፍ ነው ብሎ የሚደሰት የወረዳ ባለሥልጣን ካለ ቸኩሏል።

ታዲያ ዋጋው ካልወረደ ምን ወረደ? የውሉ ቃል። አዳኝ ቦታ ሲይዝ ብዙውን ጊዜ ከክፍያው ግማሽ ያህሉን አስቀድሞ ይሰጣል። በወረርሽኙ ጊዜ ድርጅቶች ይህን ገንዘብ ከመመለስ ይልቅ ቀኑን ማዛወርን መረጡ፤ የ2020 እ.ኤ.አ. ደንበኛ ወደ 2021፣ አንዳንዱም ወደ 2022 ተገፋ። ለደንበኛው ቅናሽ ያልተደረገለት ቢመስለውም ያለ ቅጣት የቀን ለውጥ ራሱ ቅናሽ ነው። ለድርጅቱ ደግሞ መዘዝ ነበረው። ጉዞ በተከፈተ ጊዜ የቀን መቁጠሪያው በአሮጌ ደንበኞች ተሞልቷል፤ ካምፑ ይሠራል፣ ወጪው ይወጣል፣ አዲስ ገንዘብ ግን በግማሽ ነው የሚገባው። በዚያ ላይ እ.ኤ.አ. በ2021 እና 2022 የነዳጅና የአውሮፕላን ዋጋ ናረ። ክፍት ቀን ጥቂት፣ የሚጠብቅ ሰው ብዙ ሲሆን የቀን ክፍያው ወደ ላይ ወጣ። ወረርሽኝ ዋጋን ያረክሳል የሚለው ግምት እዚህ ላይ ተገለበጠ።

እ.ኤ.አ. በ2008 የተነሳው የፋይናንስ ቀውስ መልኩ ሌላ ነበር። ያኔ መንገዱ ክፍት ነው፤ የጎደለው ኪስ ነው። ለአንድ ሳምንት የሜዳ አጋዘን አደን ለዓመታት የሚያጠራቅመው መካከለኛ ገቢ ያለው አሜሪካዊ ነው የቀረው፤ ለደጋ አጋዘን የሚመጣው ባለ ጸጋ አክሲዮኑ ቢቀንስም ጉዞው አልቀረበትም። ኮቪድ ግን ሀብታምና ድሃ አልለየም፤ ሁሉንም ቤቱ አስቀመጠ።

እስካሁን ያወራሁት ገዢውን ስለሚይዝ ችግር ነው። የሚሸጠውን፣ ማለትም እንስሳውን ራሱን የሚይዝ ወረርሽኝም አለ፤ ኢትዮጵያ ደግሞ የዚህ መግቢያ በር ነበረች። በ1880 ዓ.ም. አካባቢ በምጽዋ በኩል የገባው የከብት መቅሰፍት ክፉ ቀን የምንለውን ረሃብ አመጣ። በሽታው በበሬና በላም አልቆመም፤ ጎሹንና አጋዘኑን እየጨረሰ በአሥር ዓመት ውስጥ የአፍሪካ ደቡብ ጫፍ ደረሰ። ዓለም ከዚህ በሽታ ነጻ መሆኗ የታወጀው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። ቡናም የራሱ መቅሰፍት ነበረው፦ እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያ መኖሩ የታወቀው የቡና ፍሬ በሽታ። መልኮ ያለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን ከጫካው ቡና መርጦ ያወጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ 74110ና 74112 የሚሉትን ቁጥሮች የጅማ ገበሬ እንደ ዘመድ ስም ይጠራቸዋል። በዚያ ጊዜ ግን ፍሬው ለረገፈበት ገበሬ የዓለም ዋጋ አልካሰውም፤ የኢትዮጵያ ድርሻ ዋጋ ለማንቀሳቀስ አይበቃምና። ብራዚል እ.ኤ.አ. በ1975 በውርጭ ስትመታ ግን ዋጋው ወጥቶ በ1977 በፓውንድ ከ3 ዶላር አልፏል። የማን ቤት ሲቃጠል ገበያው እንደሚሰማ ከዚህ ይታያል።

ወደ አደኑ ልመለስ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ አውሬው የግል ንብረት ሊሆን ይችላል። አዳኝ ካልመጣ ባለቤቱ ሥጋውን ይሸጣል፤ ዋጋው ትንሽ ቢሆንም ወለል አለው። በኢትዮጵያ የዱር እንስሳ የመንግሥት ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 541/1999 ይተዳደራል። የጎሽ ሥጋ ገበያ አይወጣም። ያልተሸጠ ኮታ የሚያስገባው ገንዘብ ባዶ ነው፤ ለክልሉ የሚደርሰው 85 በመቶም የባዶ 85 በመቶ ይሆናል። በ2013 ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት ተጨመረ፤ ኤምባሲዎች ዜጎቻቸውን ወደ ኢትዮጵያ አትሂዱ ማለት ሲጀምሩ ወረርሽኙ ያስቀረውን አዳኝ ፖለቲካው አቆየው።

ጉዳቱ የሚያርፈው የዋጋ ዝርዝሩ ላይ ሳይሆን ጥበቃው፣ ዱካ ፈላጊው፣ ወጥ ሠሪውና በቀበሌው ዙሪያ ያለው ገበሬ ላይ ነው። ደመወዝ ሲቆም ጥበቃው ወደ እርሻው ይመለሳል፤ ከብት ወደ ጫካው ይገባል፤ መጥረቢያም ይከተላል። እዚህ ላይ የቡናው ዋጋ ከጎሹ ጋር መልሶ ይገናኛል፤ እንደ ሒርማታ ዘመን ባይሆንም። ቡና ሲረክስ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ፓውንዱ ከ50 ሳንቲም በታች በወረደ ጊዜ እንደሆነው፣ ቡናውን ነቅሎ ጫት መትከል የሚያዋጣ መስሎ ይታያል። ቡና ሲወደድ ደግሞ የጫካው ሥር ይመነጠራል፤ ቁጥቋጦው ተጠርጎ ችግኝ ይገባል፤ ጎሽ መሸሸጊያ ያጣል። በ2017 በጀት ዓመት ኢትዮጵያ ከቡና 2.6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ማግኘቷ መልካም ዜና ነው፤ ለጫካ ጎሽ ግን መልካም ዜና ላይሆን ይችላል። በለጠ ገራ ደን ውስጥ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በጃፓን ድጋፍ የተደራጁት የደን ተጠቃሚ ማኅበራት ለጫካ ቡናቸው የምስክር ወረቀትና የተሻለ ዋጋ ያገኙበት መንገድ ለዚህ አንድ መልስ ነው፤ ጫካው ሳይመነጠር ከሚሸጥ ቡና ገቢ ያለው ማኅበረሰብ አዳኝ ባልመጣበት ዓመት ሙሉ በሙሉ ባዶ እጁን አይቀርም።

ስለዚህ ለኦሮሚያም ሆነ ለሌሎቹ ክልሎች፣ እንዲሁም ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን አንድ ጥያቄ አለኝ። የዶላር ክፍያው በብር ከሦስት እጥፍ በላይ በሆነበት በዚህ ጊዜ ከገቢው ጥቂቱ ለክፉ ዓመት ይቀመጥ። የአደን ቀበሌ ውል ሲታደስም አንድ አንቀጽ ይጨመር፦ በወረርሽኝ ወይም በጸጥታ ምክንያት አዳኝ ሳይመጣ ዓመቱ ቢያልፍ የጥበቃዎቹ ደመወዝ ከማን ኪስ እንደሚወጣ በጽሑፍ ይስፈር።