ለውሃ ውስጥ ተክል ስንት መብራት ይበቃል?

መብራቱ በርቶ ሦስት ሰዓት ገደማ ሲሆነው የዓሣ ገንዳዬን መስታወት ጠጋ ብዬ አያለሁ። ሴራቶፊለም በተባለው የውሃ ተክል ቀጫጭን ቅጠሎች ጫፍ ላይ ከሰናፍጭ ፍሬ የምታንስ አረፋ ትንጠለጠላለች። ትንሽ ቆይታ ትላቀቅና ወደ ላይ ትወጣለች፤ በቦታዋ ሌላ ትተካለች። ኦክስጅን ናት። ሆላንዳዊው ሐኪም ያን ኢንገንሁስ እ.ኤ.አ. በ1779 ውሃ ውስጥ የነከራቸው ቅጠሎች ፀሐይ ሲያገኙ እንዲህ አረፋ ሲያወጡ፣ ጨለማ ሲገቡ ደግሞ ሲያቆሙ ተመልክቷል። ብርሃን ለተክል ምን እንደሚሠራለት በግልጽ የታየው ያን ጊዜ ነው።

ቤታችን ገንዳ የምናኖር ሰዎች ግን መብራት ስንመርጥ ብዙ ጊዜ የምናስበው ዓሣው አምሮ እንዲታየን ነው። መብራቱ የተክሉም ምግብ መሆኑ ትዝ የሚለን ቅጠሉ መበስበስ ሲጀምር ነው። ያኔም አብዛኛው ሰው የሚሮጠው ይበልጥ ኃይለኛ መብራት ለመግዛት ነው፤ ብዙ ገንዳ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው።

ብርሃን ከቁሌት ሥር እንዳለ እሳት ነው። እሳቱን ጨምረው ውሃ ጠብ ካላደረጉለት ሽንኩርቱ ያርራል። ገንዳ ውስጥም ብርሃኑ በበረታ ቁጥር ተክሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ማዕድን ቶሎ ቶሎ ይፈልጋል። ካላገኘ እድገቱ ይቆማል፤ የተረፈውን ብርሃን ደግሞ አልጌ፣ በትምህርት ቤት መጽሐፍ ዋቅላሚ የተባለው፣ ይወስደዋል። ስለዚህ ከመብራቱ በፊት የሚመረጠው ተክሉ ነው።

አኑቢያስን እንውሰድ። ስሙን ያገኘው ከጥንት ግብፃውያን አምላክ ከአኑቢስ ሲሆን፣ አገሩ የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ጫካ ነው፤ በዛፍ ጥላ ሥር በሚፈሱ ጅረቶች ዳር ይበቅላል። አዲስ ቅጠል ለማውጣት ሳምንታት ይፈጅበታል። እንዲህ ቀስ ብሎ የሚያድግን ተክል ኃይለኛ መብራት ሥር ማስቀመጥ፣ ያረጁት ቅጠሎቹ ላይ ጢም የመሰለ ጥቁር አልጌ እንዲሰፍር መጋበዝ ነው። ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የመጣው ጃቫ ፈርንም ጠባዩ ያው ነው። በጣና ሐይቅም የሚበቅለው ሴራቶፊለም ግን ፈጣን ስለሆነ መካከለኛ ብርሃን ቢያገኝ ይስማማዋል። ወለሉን እንደ ምንጣፍ የሚያለብሱት ድንክዬዎችና ቀያይ ቅጠል ያላቸው ዝርያዎች ብርቱ ብርሃን ይሻሉ፤ አብዛኞቹም ካርቦን ዳይኦክሳይድ በጋዝ መልክ ካልተጨመረላቸው አያምርባቸውም። ለጀማሪ አልመክራቸውም።

ተክሉ ከተወሰነ መብራቱን መምረጥ ይቀላል። ዋት የሚነግረን መብራቱ የሚበላውን ኤሌክትሪክ ነው፤ የሚሰጠውን ብርሃን አይነግረንም። ለአንድ ሊትር ይህን ያህል ዋት የሚለው ስሌት ከፍሎረሰንት ዘመን የቀረ ነው፤ ለኤልኢዲ አይሠራም። ካርቶኑ ላይ የሚፈለገው ቁጥር ሉመን ነው። 60 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 30 ስፋትና 36 ቁመት ያለው ገንዳ 65 ሊትር ገደማ ይይዛል። ጥላ ለሚወዱት በሊትር ከ10 እስከ 20 ሉመን ብንይዝ ከ650 እስከ 1300 ሉመን ይሆናል፤ አንድ ጥሩ የ10 ዋት ኤልኢዲ ይህን ሊሸፍን ይችላል። ለመካከለኞቹ በሊትር እስከ 40 መድረስ ይቻላል። እርግጥ ሉመን የተሠራው ለሰው ዓይን ነው፤ ተክል የሚጠቀምበትን ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ያለውን ብርሃን የሚለካ መሣሪያ አለ። ዋጋው ግን ከመብራቱ ስለሚበልጥ ለቤት ገንዳ በሉመን መገመት ይበቃል።

ስለ ቀለሙም ብዙ ይባላል። ጀርመናዊው ቴዎዶር ኤንገልማን እ.ኤ.አ. በ1882 ብርሃንን በፕሪዝም በትኖ ክር መሰል አልጌ ላይ አሳረፈ። ኦክስጅን ፈላጊ ባክቴሪያዎች የተሰበሰቡት ቀዩና ሰማያዊው ባረፈበት ላይ ነበር፤ አልጌው ብዙ ኦክስጅን ያወጣው እዚያ ነው ማለት ነው። ይህን ሰምተው ቀይና ሰማያዊ ብቻ የሚያበራ ወይን ጠጅ መብራት የሚገዙ አሉ። አያስፈልግም። 6500 ኬልቪን የተጻፈበት ነጭ ኤልኢዲ ሁለቱንም ይዟል፤ ዓሣውንና ቅጠሉንም በእውነተኛ ቀለማቸው ያሳያል።

ከመብራቱ ዓይነት ይልቅ እኔን ያስተማረኝ የሰዓቱ ጉዳይ ነው። መጀመሪያ ላይ ከማለዳ እስከ መኝታ አበራው ነበር። በአራተኛው ሳምንት የአኑቢያሱ ቅጠሎች ጠርዝ ላይ አረንጓዴ ፀጉር ወጣ፤ በጣት ሲጠርጉት የማይለቅ። አዲስ ገንዳ በቀን 6 ሰዓት ይበቃዋል፤ ተክሉ ሥር ሲሰድ ወደ 8 ይወጣል። የመስኮት ፀሐይ በቀጥታ እንዳያርፍበት ቦታውን መምረጥም ያስፈልጋል።

እኔ አሁን ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት አበራለሁ፤ እቤት ሆኜ የማየው በዚያ ሰዓት ነው። ማብራት ማጥፋቱን ለታይመር መስጠት ይሻላል፤ መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ግን የራሱ ባትሪ ያለው ይሁን። የሚሽከረከረው ዓይነት ኃይል ሲቋረጥ አብሮ ስለሚቆም፣ ከሳምንት በኋላ ገንዳው በውድቅት ሌሊት ሲበራ ይገኛል። መብራት አንድ ቀን ሙሉ ቢጠፋ ተክሉ አይጎዳም፤ ያን ቀን የሚያሳስበው የዓሣው አየር ነው።

ከዚያ በኋላ ተክሉ ራሱ ይናገራል። ቅጠል ከቅጠል እየተራራቀ ግንዱ ወደ ላይ ብቻ ከተሳበ ብርሃን አንሶታል። መስታወቱ በየሁለት ቀኑ አረንጓዴ የሚለብስ ከሆነ በዝቷል፤ መብራት ከመለወጥ በፊት አንድ ሰዓት ቀንሶ ሁለት ሳምንት መጠበቅ ነው።