እባቡ ከውሃው አልወጣ ሲል

እናቴ የምትኖረው ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ቡና ሲፈላ አሜሪካ ያለችው እህቴ በቪዲዮ ትደውላለች። ስልኩ ረከቦቱ አጠገብ በስኳር ዕቃ ተደግፎ ይቆማል፤ የልጅ ልጆች በየተራ ፊታቸውን ያሳያሉ። ባለፈው ሰሞን ግን የአሥራ ሁለት ዓመቱ የእህቴ ልጅ ያሳየን ፊቱን ሳይሆን የእባቡን የመስታወት ቤት ነበር።

እናቴ የእባቡን ነገር ከሰማች ዓመት አልፏታል። መጀመሪያ «እባብ በቤት? ምን ዓይነት መዓት ነው!» ብላ አንድ ወር ያህል እህቴን አኩርፋት ነበር። ኋላ ግን ልጁ እንደሚወደው ስታይ፣ ስሙንም ሳትጠይቅ «ያ ነገርህስ ደኅና ነው ወይ?» ማለት ለመደች።

የዚያን ዕለት ልጁ «እማዬ፣ ደኅና አይደለም» አላት። እባቡ ከውሃ ሳህኑ ውስጥ ተጠቅልሎ ከተኛ አራት ቀን ሆኖታል፤ ምግብም አልፈለገም። እህቴ «ውሃውን እናንሳበት» ትላለች፤ ልጁ «ይሞትብኛል» ብሎ ያለቅሳል።

እናቴ ስኒዋን አስቀምጣ ወደ ስልኩ ጠጋ አለች። «አብሽር የኔ ጌታ» አለችው። «ዶሮዎቼ አፈር ላይ መንደባለል ሲያበዙ ምን እንደማደርግ ታውቃለህ? ላባቸውን ገልጬ አያለሁ። ብዙውን ጊዜ ቅንቅን ነው። ይሄም የሚበላው ነገር ይኖራል። ውሃውን አትንሱበት፤ ገላውን ፈትሹለት።»

ልጁ ሳህኑን ወደ ካሜራው አስጠጋው። ከውሃው ሥር ከጤፍ ፍሬ የማይበልጡ ጥቋቁር ነገሮች ተኝተዋል። በእባቡ አገጭ ሥርና በዓይኑ ዙሪያም ሲንቀሳቀሱ ታዩ። እናቴ በሕይወቷ እባብ ነክታ አታውቅም፤ በሽታውን ግን አወቀችው።

ውሃው የሚናገረው

እባቡ ቦል ፓይተን የሚባል፣ ከዘንዶ ወገን የሆነ አነስተኛ ዝርያ ነው። መርዝ የለውም፤ አገሩ ምዕራብና መካከለኛው አፍሪካ ነው። ሲፈራ እንደ ኳስ ስለሚጠቀለል ነው ይህን ስም ያገኘው። እንዲህ ያለ እባብ አልፎ አልፎ ውሃ ውስጥ ገብቶ ቢወጣ ክፋት የለውም። ቀናትን እዚያው ካሳለፈ ግን አንድ ነገር ሸሽቷል ማለት ነው።

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ቅንቅን ነው። የእባብ ቅንቅን ሌሊት ዶሮ ላይ ወጥቶ ደም ከሚመጠው ቅንቅን ጋር ዘመድ ነው። በቅርፊቶች መካከል ተሸጉጦ ደም ይመጣል፤ እንቁላሉን የሚጥለው ግን በመኖሪያው ስንጥቅና ምንጣፍ ውስጥ ነው። እባብ እጅ የለው፣ አያክ፤ ስለዚህ ውሃ ውስጥ ገብቶ ሊያሰምጠው ይሞክራል። ዶሮ በአፈር እንደምትታጠበው መሆኑ ነው። ጭንቅላቱ ግን ከውሃ በላይ ስለሚቀር ቅንቅኑ ወደ ዓይኑና ወደ አገጩ ይሸሻል።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። እባብ የገላውን ሙቀት የሚያስተካክለው ቦታ በመቀየር ነው። ይህን ለእናቴ ያስረዳኋት በእኛው አገር ምሳሌ ነበር። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብትሆን ነው፤ ቁልቁለቱን ስንጨርስ ግን ጋቢያችንን እናወልቃለን። የእባቡም ቤት አንዱ ጫፍ ኮምቦልቻ፣ ሌላው ጫፍ ደሴ መሆን አለበት። በቁጥር ሲነገር ለዚህ ዝርያ ሞቃቱ ጫፍ ከ31 እስከ 33፣ ቀዝቃዛው ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን ይስማማዋል። ቤቱ በሙሉ ኮምቦልቻ ከሆነበት የቀረው መሸሻ የውሃ ሳህኑ ብቻ ነው።

ሦስተኛው የአየሩ መድረቅ ነው፤ በተለይ ቆዳውን ሊቀይር ሲል። በዚያ ጊዜ ዓይኑ ወደ ሰማያዊ ያደላ ጉም ይለብሳል፣ ቀለሙም ይደበዝዛል። እርጥበት ካነሰ አሮጌው ቆዳ በአንድ ላይ አይወልቅለትም፤ ስለዚህ ራሱን ይዘፈዝፋል። ቆዳው ከወለቀ በኋላ መዘፍዘፉን ካቆመ ምክንያቱ ይኸው ነበር ማለት ነው።

አራተኛው መደበቂያ ማጣት ነው። ጠባብና ጨለማ ቦታ ያላገኘ እባብ የሳህኑን ግድግዳ ተደግፎ ይጠቀለላል። የሚፈልገው ውሃውን ሳይሆን ጉያውን ነው።

እንግዲህ ውሃውን ማንሳት ከአራቱ አንዱንም አይፈታም፤ እንዲያውም እባቡን ያስጠማል። ዝም ብሎ መተውም አይበጅም፤ ሆዱ ለቀናት እርጥብ ላይ ከተኛ ቆዳው ይቆስላል። የሚሻለው ምክንያቱን በቅደም ተከተል መፈለግ ነው። መጀመሪያ ውሃውንና ገላውን ማየት፣ ቀጥሎ በሁለቱም ጫፍ ሙቀቱን መለካት፣ ከዚያ እርጥበቱንና መደበቂያውን መመርመር። ምንጣፉን አንስቶ ነጭ ወረቀት ማንጠፍም ይረዳል፤ ጥቁር ነጥብ በነጭ ላይ ቶሎ ይታያል።

በመድኃኒቱ ላይ ግን እናቴ ተሳስታለች። «አመድ ነስንሱበት» ብላ ነበር፤ ለዶሮዎቿ የምታደርገው እሱን ነውና። እህቴ የወሰደችው የእንስሳት ሐኪም አመዱንም፣ ለትንኝ የሚነፋውንም መድኃኒት ከለከለ። የተባይ መርዝ እንደ ልብ ቢነፋ እባቡን ሊገድል፣ ልጁንም ሊጎዳ ይችላል። ለእባብ የሚሆነውን መድኃኒትና መጠኑን የሚወስነው ሐኪም ነው። እንቁላሎቹ እየቆዩ ስለሚፈለፈሉ ቤቱንም ለሳምንታት ደጋግሞ ማጽዳት ያስፈልጋል።

ሐኪሙ እህቴን አንድ ሌላ ነገርም አሳስቧታል። ጤነኛ የሚመስል እባብም ሳልሞኔላ የተባለውን ባክቴሪያ ሊይዝ ይችላል። ጉዳቱ የሚከፋው ከ5 ዓመት በታች ባሉ ሕፃናትና ከ65 ዓመት በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ ነው። እባቡንም ሆነ ሳህኑን የነካ እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ሳህኑም የሰው ዕቃ በሚታጠብበት ቦታ አይታጠብ። ሕፃን ወይም አቅመ ደካማ አዛውንት ባለበት ቤት ጨርሶ ባይገባ ይመረጣል።

እኛስ ብንይዝ?

ወሬው ኮምቦልቻ ወንድሜ ቤት ሲደርስ ልጆቹ የጠየቁት ይህን ነበር። በበጋ፣ ከግቢያቸው ቧንቧ ሥር ካለው በርሜል አጠገብ እባብ አይተው ያውቃሉ። «እሱም ቅንቅን ይዞት ይሆናል፤ እንፈትሸው?» አሉ። ወንድሜ ደንግጦ ደወለልኝ።

መልሱ ቁርጥ ያለ መሆን አለበት፦ አይነካም። የአሜሪካው እባብ ዝርያው የታወቀ፣ መርዝ የሌለው ነው። ግቢያችን የሚገባው ምን እንደሆነ ግን አናውቅም፤ አገራችን ውስጥ አደገኛ መርዝ ያላቸው እፉኝቶች አሉ። የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝም በሕግ ያስጠይቃል። የግቢ እባብ የሚመጣው ውሃና አይጥ ፍለጋ ነው። በርሜሉን መክደን፣ የድንጋይና የእንጨት ክምሩን ማንሳት፣ እህሉን ከአይጥ መጠበቅ፣ ማታ ያለ ባትሪና ያለ ጫማ አለመውጣት ይበጃል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 የእባብ ንክሻን ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር አገር በሽታዎች ተርታ አስገብቶታል። አያቶች ቢሰሙን የምንለምናቸው ነገር አለ፦ የተነደፈውን ቦታ አትብጡት፣ አትምጠጡት፣ በገመድ አጥብቃችሁም አትሰሩት። ቀለበትና አምባር አውልቁ፤ የተነደፈው ሰው ብዙ ሳይንቀሳቀስ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ።

ከወር በኋላ በአንድ እሑድ ስልኩ እንደገና በስኳር ዕቃው ተደገፈ። እባቡ ደረቅ ወረቀት ላይ ተኝቷል፤ የውሃ ሳህኑ ባዶውን ተቀምጧል። እናቴ ረጅም ጊዜ አየችውና ለመጀመሪያ ጊዜ «ለመሆኑ ስሙ ማነው?» ብላ ጠየቀች።

«ቦርከና» አለ ልጁ። እናቱ ስለ ኮምቦልቻ ወንዝ ስታወራ ሰምቶ ያወጣለት ስም ነው።

እናቴ ሳቋ አመለጣት። «ታዲያ ቦርከና ብላችሁት ከውሃ አልወጣም ቢል ምን ይገርማል?»