ግራ እጅ ሥራ ሲፈታ፦ አውቶማቲክ ካምቢዮ፣ ከባድ ሞተር ብስክሌትና በዕድሜ የገፋ አሽከርካሪ

ሞተር ብስክሌት የሚነዳ ሰው ሁለቱም እጆቹና ሁለቱም እግሮቹ ሥራ አላቸው። ቀኝ እጅ ነዳጅ ይሰጣል፤ የፊቱንም ፍሬን ይይዛል። ቀኝ እግር የኋላውን ፍሬን ይረግጣል። ግራ እግር ማርሽ ይቀይራል። ግራ እጅ ደግሞ ፍሪሲዮን ይይዛል፣ ይለቃል። ይህ የመጨረሻው ሥራ ለሃያ ዓመት ወጣት ከቁጥር የሚገባ አይደለም። የአውራ ጣታቸው መጋጠሚያ መቆርጠም ለጀመረ አዛውንት ግን ከሚወዱት መንገድ የሚያስቀራቸው ምክንያት ሊሆን ይችላል።

በዚህ ጽሑፍ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮና ማርሽ የሚሉትን የጋራዥ ቃላት እንዳሉ እንጠቀማለን። ሦስቱም ከጣልያንኛ የተወረሱ ናቸው። እንዲያውም ፍሪሲዮን በምንጩ ቋንቋ «ሰበቃ» ማለትም ስለሆነ፣ ለፊዚክስ መምህር ከዚህ የተሻለ ስም አይገኝለትም።

ጉዳዩን እንድንጽፍ ያነሣሡን፣ በደቡብ ጀርመን የዶክትሬት ትምህርታችንን ስንከታተል አማካሪያችን የነበሩት ፕሮፌሰር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 በሐምሌ ወር ከባደን-ባደን ወደ ፍሮይደንሽታት በሚወስደው የጥቁር ደን ተራራማ መንገድ ላይ ከኋላቸው ተፈናጠን ሄደን ነበር። ሞተር ብስክሌቱ የሆንዳ ጎልድ ዊንግ ሲሆን ስድስት ሲሊንደርና 1832 ሲ.ሲ. ሞተር ያለው፣ ማርሹ በእጅና በእግር የሚቀየር ነው። በዚያ ቀን ከደኑ ውበት ይልቅ በአእምሯችን የቀረው የራስ ቁራችን ከእሳቸው የራስ ቁር ጋር በየማርሹ ለውጥ «ቋ» እያለ መጋጨቱ ነው። ይቅርታ ስንጠይቅ «የእርስዎ ጥፋት አይደለም፤ የኒውተን ነው» አሉን።

ከአሥር ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2019፣ ለአጭር የምርምር ቆይታ ስንመለስ ፕሮፌሰሩ 68 ዓመት ሞልቷቸው ጡረታ ወጥተዋል። በዚያው መንገድ፣ በአዲስ ጎልድ ዊንግ፣ እንደገና ተፈናጠጥን። አንድም ጊዜ አልተጋጨንም። ግራ እጃቸው መሪውን ከመያዝ በቀር ሥራ አልነበረውም።

በመካከሉ የሆነውን ሲነግሩን አላድበሰበሱትም። ሐኪማቸው በግራ አውራ ጣታቸው ሥር ያለው ልም አጥንት ማለቁን ነግሯቸዋል። ልጆቻቸው ሞተሩን እንዲሸጡ ይወተውቷቸው ነበር። እሳቸው ደግሞ ለዓመታት «አውቶማቲክ መንዳት ለማይችል ሰው ነው» ሲሉ የኖሩ ናቸው። ስለሆነም ምርጫው በሁለት ዓይነት ማሽኖች መካከል ብቻ አልነበረም፤ መንዳቱን በመተውና የራሳቸውን ቃል በመሻር መካከልም ነበር።

በመጀመሪያ ስለ እጅ እንናገር። የአንድ ከባድ ሞተር ብስክሌት ፍሪሲዮን መያዣ ለመሳብ 50 ኒውተን ኃይል ቢጠይቅና ጣቶች 6 ሴንቲ ሜትር ቢስቡት፣ የተሠራው ሥራ 3 ጁል ነው። መንገድ በተጨናነቀበት ቀን 300 ጊዜ ቢደጋገም 900 ጁል ይሆናል። ይህም 60 ኪ.ግ. የሚመዝን ሰው አንድ ሜትር ተኩል ያህል ደረጃ ለመውጣት ከሚሠራው ሥራ አይበልጥም። ታዲያ እጅ ለምን ይዝላል?

ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ጡንቻ እንደ ጠረጴዛ አለመሆኑ ነው። ጠረጴዛ መጽሐፍ ተሸክሞ ዓመት ቢቆም ምንም ጉልበት አያባክንም። ጡንቻ ግን ተወጥሮ ለመቆየት በውስጡ ያሉት ጥቃቅን ክሮች ያለማቋረጥ መያያዝና መላቀቅ አለባቸው፤ ይህም ጉልበት ይበላል። ቀይ መብራት ላይ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮን የያዘ ሰው በፊዚክስ ትርጉም ሥራው ዜሮ ነው፤ እጁ ግን ይደክማል። ሁለተኛው ምክንያት የጣት አሠራር ነው። ጅማት ከአጥንት መጋጠሚያው አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ርቆ ያልፋል፤ የመያዣው ኃይል ግን ከመጋጠሚያው ስድስት ሴንቲ ሜትር ርቆ ያርፋል እንበል። በማንሻ ሕግ መሠረት ጅማቶቹ በድምሩ የስድስት እጥፍ፣ ማለትም የ300 ኒውተን ውጥረት ይሸከማሉ። ይህ ከ30 ኪሎ ጭነት ጋር የሚመጣጠን ነው፤ የሚያርፈውም በመጋጠሚያዎቹ ላይ ነው። የመጨበጥ ኃይላችን ከሃምሳ ዓመት በኋላ እየቀነሰ ሲሄድ የመያዣው ኃይል ግን ከእኛ ጋር አብሮ አይቀንስም።

ፍሪሲዮን ለምን አስፈለገ? የቤንዚን ሞተር ከቆመበት መነሣት አይችልም፤ ለመሥራት ቢያንስ በደቂቃ በብዙ መቶ ዙር መሽከርከር አለበት። ጎማው ግን መጀመሪያ ላይ ቆሟል። የሚሽከረከረውንና የቆመውን ያለ ስብራት የሚያስታርቀው እርስ በርሱ እየተንሸራተተ የሚያያዝ ሳህን ነው። እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያስገርም ውጤት አለ። ሞተሩ ፍጥነቱንና የመጠምዘዝ ኃይሉን ሳይለውጥ ጎማው ከዜሮ ተነሥቶ እስኪደርስበት ድረስ፣ ሞተሩ ከሰጠው ጉልበት ግማሹ ወደ እንቅስቃሴ፣ ግማሹ በሰበቃ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ሞተር ብስክሌቱ፣ ሁለት ሰዎችና ጓዛቸው በድምሩ 550 ኪ.ግ. ቢሆኑና በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ሲደርሱ ሳህኖቹ ቢገጥሙ፣ በአንድ መነሣት ብቻ 3000 ጁል ያህል በሙቀት መልክ ይጠፋል። ይህ መቶ ግራም ውኃን በ7 ዲግሪ የሚያሞቅ ነው። ፍሪሲዮኑን የሚለቀው የሠለጠነ እጅ ይሁን ኮምፒውተር፣ ሒሳቡ አይለወጥም። በዚህ ረገድ «ማሽኑ ከእኔ የተሻለ ይቆጥባል» የሚለውም «እኔ ከማሽኑ የተሻለ እቆጥባለሁ» የሚለውም ተሳስቷል።

ወደ ራስ ቁሩ ግጭት እንመለስ። በእጅ ማርሽ ሲቀየር ፍሪሲዮኑ በተያዘበት ቅጽበት ጎማው ከሞተሩ ይለያያል። በሰከንድ በሰከንድ 2 ሜትር ፍጥነት እየጨመረ የነበረ ሞተር ብስክሌት በድንገት መጨመሩን አቁሞ በነፋስ ግፊት ትንሽ ይዘገያል፤ ልዩነቱ 2.5 ሜትር በሰከንድ በሰከንድ ቢሆን፣ ከመቀመጫው ጋር በጥብቅ ያልተያያዘው የኋለኛው ሰው ደረትና ራስ በ0.3 ሰከንድ ውስጥ 11 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ፊት ይቀድማሉ። በሁለት የራስ ቁሮች መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ያነሰ ነው።

ይህን መቋረጥ ለማስቀረት የተገኘው መፍትሔ ሁለት ፍሪሲዮን ያለው ካምቢዮ ነው። በ2018ቱ ጎልድ ዊንግ ሰባት ማርሾች አሉ። 1ኛ፣ 3ኛ፣ 5ኛና 7ኛ ማርሾች በአንድ ፍሪሲዮን፣ 2ኛ፣ 4ኛና 6ኛ በሌላው ይመራሉ። ሁለቱ ዘንጎች አንዱ በሌላው ቱቦ ውስጥ ስለሚያልፉ ብዙ ቦታ አይፈጁም። ሞተሩ በ3ኛ እየሄደ ሳለ 4ኛው አስቀድሞ ገብቶ ይጠብቃል፤ ፍሪሲዮኑ ግን ገና ክፍት ነው። የለውጡ ጊዜ ሲደርስ ኮምፒውተሩ የዘይት ግፊትን በቫልቮች እየተቆጣጠረ አንዱን ሲከፍት ሌላውን ይዘጋል። አንዱ ሸክሙን የሚያወርደው ሌላው እየተቀበለው ስለሆነ ጎማው ያለ ኃይል የሚቀርበት ቅጽበት የለም ማለት ይቻላል። ወይዛዝርት እንስራ ሲያሸካክሙ አንዷ እጇን የምታነሣው ሌላዋ በሚገባ ከያዘች በኋላ ነው፤ ነገሩ ከዚያ ብዙም አይለይም።

አሽከርካሪው ሲያሻው ራሱ መምረጥም ይችላል፤ በግራ እጀታው በኩል በሌባ ጣት ወደ ላይ፣ በአውራ ጣት ወደ ታች የሚቀይር ቁልፍ አለ። ፕሮፌሰሩ ቁልቁለት ላይ ሞተሩ እንዲይዝላቸው ሲፈልጉ ይህን ይጠቀማሉ። ቁልፉ የሚጠይቀው ኃይል ከፍሪሲዮን መያዣ ጋር አይነጻጸርም።

አውቶማቲክ ሞተር ብስክሌት አዲስ ነገር አይደለም። የሆንዳ ሱፐር ከብ እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ በእጅ የሚያዝ ፍሪሲዮን የለውም። በ1975 የሞቶ ጉዚ ኮንቨርት፣ በ1976 የሆንዳ ሲ.ቢ.750ኤ ጉልበትን በዘይት ሽክርክሪት የሚያስተላልፉ ሆነው ወጡ፤ ዘይቱ እየተንሸራተተ ጉልበት ስለሚያባክን ገበያቸው ደከመ። ሁለት ፍሪሲዮን ያለው ካምቢዮ በ1980ዎቹ በፖርሽ የውድድር መኪናዎች ተፈትኖ፣ በ2010 በሆንዳ ቪ.ኤፍ.አር.1200 ወደ ሞተር ብስክሌት መጣ። በ2024 ደግሞ ያማሃና ቢ.ኤም.ደብሊው አንዱን የተለመደ ፍሪሲዮን በኤሌክትሪክ ሞተር የሚያንቀሳቅስ ሌላ መንገድ ይዘው ብቅ ብለዋል።

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው ሁሉ አውቶማቲኩን የሚደግፍ ነው። በእኛ ግምት ግን ለአዛውንት አሽከርካሪ ዋናው አደጋ በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ ሳይሆን በ5 ኪሎ ሜትር ላይ ነው፤ አውቶማቲኩ የሚፈትነውም እዚያው ነው።

በጠባብ ቦታ ዞሮ መመለስን እንውሰድ። ሞተር ብስክሌት ሲዞር ወደ ውስጥ ያጋድላል፤ የማጋደሉ መጠን ከፍጥነቱ ጋር መስማማት አለበት። በ3.5 ሜትር ራዲየስ በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ለሚዞር ሞተር ብስክሌት ሚዛኑ ወደ 8 ዲግሪ ነው። ፍጥነቱ በድንገት ወደ 5 ኪሎ ሜትር ቢወርድ ሚዛኑ 3 ዲግሪ ብቻ ይሆናል፤ ሞተር ብስክሌቱ ግን ገና በ8 ዲግሪ ላይ ነው። ስለዚህ መውደቅ ይጀምራል። ልምድ ያለው ሰው በዚህ ጊዜ የሚያድነው ግራ እጁ ነበር፦ ፍሪሲዮኑን በግማሽ ይዞ፣ በጣት ስሜት ብቻ ለጎማው ቅንጣት ያህል ኃይል ይመግበዋል። በአውቶማቲኩ ይህ መሣሪያ የለም። ይባስ ብሎም አሽከርካሪው በመዞር መካከል ደንግጦ ነዳጁን ሙሉ በሙሉ ቢዘጋ፣ ኮምፒውተሩ ሞተሩ እንዳይጠፋ ፍሪሲዮኑን ሊከፍተው ይችላል፤ ያን ጊዜ ጎማው ኃይል ያጣል።

መውደቅ የጀመረውን በእግር መያዝስ? 380 ኪ.ግ. የሚመዝንና የክብደት ማዕከሉ ከመሬት ግማሽ ሜትር ከፍ ያለ ሞተር ብስክሌት 10 ዲግሪ ሲያጋድል፣ በአንድ ሜትር ከፍታ ላይ ባለው መሪ ለማቆም 33 ኪሎ ያህል ግፊት ይጠይቃል። በ20 ዲግሪ 65 ኪሎ ይሆናል። ጎረምሳ በ20 ዲግሪ ታግሎ ይመልሰው ይሆናል። የ68 ዓመት ሰው መታገል የለበትም፤ ለቅቆት ገለል ማለት አለበት። አውቶማቲክ ካምቢዮ እጅን ያሳርፋል እንጂ ክብደትን አያቀልም። በ2018 አዲሱ ጎልድ ዊንግ ከቀድሞው በ40 ኪ.ግ. ያህል መቅለሉ፣ በሰው እርምጃ ፍጥነት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ቀስ ብሎ የሚንቀሳቀስበት ስልት መኖሩ ለአዛውንቱ ከካምቢዮው ባልተናነሰ የሚጠቅም ነው።

ለጠፋው የግራ እጅ ስሜት ምትኩ የኋላ ፍሬን ነው። አሽከርካሪው ነዳጁን ትንሽ ከፍቶ ሳይነቀንቅ ይይዛል፤ ፍጥነቱን የሚያስተካክለው በቀኝ እግሩ ፍሬኑን በስሱ በመጫን ነው። ሞተሩ ሁልጊዜ ስለሚጎትት ፍሪሲዮኑ አይከፈትም፤ ፍሬኑም ከመጠን ያለፈውን ያስቀራል። አገራችን ዳገት ላይ መኪና በፍሪሲዮን ይዞ መቆምን የተማረ ሁሉ ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል፤ ብልሃቱ ያው ሆኖ ከእጅ ወደ እግር ተዛወረ እንጂ። ፕሮፌሰሩ ይህን ለመልመድ ሦስት እሑዶችን ባዶ የመኪና ማቆሚያ ሜዳ ላይ አሳልፈዋል። አርባ ዓመት የነዳ ሰው እንደ ጀማሪ በሁለት የፕላስቲክ ሾጣጣዎች መካከል ሲዞር ጎረቤት እንዳያያቸው ማለዳ ይወጡ እንደነበር ሲነግሩን ሳቁ።

ሌላም መልመድ ያለባቸው ነገር ነበር። ሁለቱ ፍሪሲዮኖች የሚዘጉት በዘይት ግፊት ስለሆነ ሞተሩ ሲጠፋ ይከፈታሉ። በመሆኑም ማርሽ አስገብቶ ዳገት ላይ ማቆም፣ ባትሪ ሲደክምም ገፍቶ ማስነሣት አይቻልም። ለማቆም የተለየ ፍሬን አለ፤ እሱን ማሰር ደግሞ የአርባ ዓመት ልማድ ውስጥ የለም። እንዲሁም ሞተሩ እየሠራ ማርሽ ገብቶ ሳለ ቀኝ እጀታውን ይዞ መግፋት አደገኛ ነው፤ በስሕተት ነዳጅ ቢሰጥ ከመሄድ የሚያግደው ነገር የለም።

በተመለስንበት ዕለት ተራራው ጫፍ ቡና ለመጠጣት ስንቆም ቦታው ዘቅዘቅ ያለ ነበር። ፕሮፌሰሩ ሞተሩን አጥፍተው ቁልፉን ወደ ኪሳቸው ሊያስገቡ ሲሉ በላዩ የታሰረችውን ቀይ ሪባን አዩና ተመልሰው የማቆሚያ ፍሬኑን አሠሩ። ሪባኗን ያሠሩላቸው ባለቤታቸው ናቸው። ከዚያም ግራ እጃቸውን ከፈት ዘጋ አድርገው አሳዩን፤ ከሰዓት በኋላ ሌላ 90 ኪሎ ሜትር ይጠብቀን ነበር።