ብሩ የት ገባ? የሚመልሰው ሰርቨር ራሱ ቢጠፋስ?

ብር ላካችሁ። ከእናንተ ተቆርጧል፣ የተላከለት ሰው ጋ ግን አልደረሰም። ደንበኞች አገልግሎት ጋ ስትደውሉ «በስንት ሰዓት ነው የላኩት?» ይሏችኋል። ከዚያ ትንሽ ዝም ይላሉ፣ የሆነ ነገር እያዩ ነው።

የሚያዩት በአብዛኛው ከሎግ የወጣ ነገር ነው። ዛሬ ስለሱ እናውራ፤ ምክንያቱም ሎጉ ከሌለ የእናንተ ቃል በእነሱ ቃል ላይ ብቻ ይቀራል።

📌 ሎግ ምንድን ነው?

ሰርቨር የሚሠራውን ሁሉ ከነሰዓቱ የሚጽፍበት ማስታወሻ ነው። ለምሳሌ እንዲህ ሊል ይችላል፦ «8፡14፡03 የ500 ብር ጥያቄ መጣ። 8፡14፡04 ፒን ትክክል ነው። 8፡14፡09 ከተቀባዩ በኩል መልስ አልመጣም።» በቃ፣ ችግሩ የት ጋ እንደተፈጠረ ታወቀ።

የሰፈር ሱቅ የዱቤ ደብተርን አስቡት። ባለሱቁ ማን ምን እንደወሰደ ካልጻፈ በወሩ መጨረሻ ጭቅጭቅ ነው።

መዝገብ ምን ያህል እንደሚጠቅም በአገር ደረጃ ያየነው መጋቢት 2016 ላይ ነው። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ በተፈጠረ ችግር ሰዎች ሂሳባቸው ውስጥ ከሌለው በላይ ብር ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ ተናገረ። በነዚያ ሰዓታት ወደ 490 ሺህ የሚጠጋ የገንዘብ እንቅስቃሴ እንደተደረገ፣ ያላግባብ የተወሰደውም ወደ 801 ሚሊዮን ብር እንደሆነ ገለጸ። ከዚያ ምን ሆነ? ያልመለሱ ሰዎችን ስም ዝርዝር አወጣ። የሂሳብ መዝገብና ሎግ አንድ አይደሉም፣ ግን ሥራቸው ይመሳሰላል፦ ማን፣ መቼ፣ ምን አደረገ የሚለውን ይዞ ማቆየት። ያ ሌሊት ሳይመዘገብ ቢያልፍ ኖሮ ዝርዝር የሚባል ነገር አይኖርም ነበር።

📌 ለምን አንድ ቦታ ይሰበሰባል?

አንድ የክፍያ አፕ ከጀርባው ብዙ ሰርቨር አለው። የእናንተ 500 ብር አምስት ስድስቱን ሊያልፍ ይችላል። እያንዳንዱ ለብቻው ቢጽፍ ማመሳከር መከራ ነው። ደግሞ ሰብሮ የገባ ሌባ መጀመሪያ የሚያጠፋው የገባበትን ማሽን ሎግ ነው። ስለዚህ ሁሉም ወደ አንድ ማዕከላዊ የሎግ ሰርቨር ይልካሉ። ዘዴው አዲስ አይደለም፤ ሲስሎግ የሚባለው አሠራር ኤሪክ ኦልማን በሚባል አሜሪካዊ ፕሮግራመር የተጀመረው በ1980ዎቹ (በፈረንጆቹ) ነው።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው፦ ሁሉም እዚያ አንድ ሰርቨር ላይ ተማመነ። እሱ ራሱ ሲወድቅስ?

በድሮው የሲስሎግ አሠራር ላኪው «ደረሰህ ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። ልክ መንደር ውስጥ ጮሆ እንደሚያልፍ ለፋፊ ነው፤ የሰማ ሰማ፣ ያልሰማም አልሰማም። ተቀባዩ ከጠፋ መልእክቱ አየር ላይ ይቀራል። መልስ የሚጠብቀው አሠራር ይሻላል፣ እሱም ግን የራሱ ጣጣ አለው። አሰላለፉ በደንብ ካልታሰበ የሎግ ወረፋው ይሞላና ዋናው አገልግሎት ራሱ ይቆማል። ማስታወሻ መያዝ አቅቶት ሱቁን የዘጋ ባለሱቅ ማለት ነው።

📌 መፍትሔው፦ ተተኪ

ሁለት የሎግ ሰርቨር ይቆማል። አንዱ ይሠራል፣ ሌላው ይጠብቃል። ዘዴው ያለው አድራሻው ላይ ነው። ላኪዎቹ የሚያውቁት የማሽኑን አድራሻ ሳይሆን አንድ የጋራ አድራሻ ነው። እንደ ሱቁ መስኮት አስቡት፤ እናንተ መስኮቱን ነው የምታንኳኩት፣ ከውስጥ ባለሱቁ ይኑር ወንድሙ አያገባችሁም።

ኪፕአላይቭዲ በሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ዋናው ሰርቨር በየሰከንዱ «አለሁ» ይላል። ሦስት አራት ሰከንድ ድምፁ ከጠፋ ተተኪው አድራሻውን ይወስድና መቀበል ይጀምራል። ማንም ሰው ከእንቅልፉ መነሳት የለበትም።

ጥሩ ነው። ግን ብዙ ሰው እዚህ ላይ ጨረስኩ ብሎ ይተኛል፤ የሚሳሳተውም እዚህ ጋ ነው።

1️⃣ አድራሻው ተሻገረ እንጂ ደብተሩ አልተሻገረም። እስከወደቀበት ሰዓት የተጻፈው ሁሉ የወደቀው ሰርቨር ዲስክ ላይ ነው። ስለዚህ ወይ ለሁለቱም እኩል መላክ፣ ወይ በየጊዜው ኮፒ ማድረግ ያስፈልጋል።

2️⃣ የሦስት አራት ሰከንዷ ክፍተት። ብልሽት የተፈጠረበት ሰከንድ እሷ ልትሆን ትችላለች። መድኃኒቱ ላኪው ራሱ ዲስኩ ላይ ወረፋ እንዲይዝና ተቀባዩ «ደርሶኛል» እስኪል እንዳይሰርዝ ማድረግ ነው።

3️⃣ ሁለቱም «ዋናው እኔ ነኝ» ሲሉ። በመሃላቸው ያለው ኬብል ተቋረጠ እንበል። ተተኪው ዋናው የሞተ ይመስለዋል፣ ዋናው ግን አልሞተም። አሁን ሁለት ደብተር፣ ሁለት እውነት አለ። ለዚህ ነው ትልልቅ ሲስተሞች በሁለት ፋንታ ሦስት የሚያደርጉት፤ ሁለት ለአንድ ሲሆን ብዙኃኑ ይወስናል።

4️⃣ ሁለቱም አንድ መብራት ላይ ናቸው። ይሄ የእኛ ከተማ ችግር ነው። ሁለት ሰርቨር ገዝቶ ቦሌ አንድ ፎቅ ውስጥ፣ አንድ ክፍል፣ አንድ ጄኔሬተር፣ አንድ የኢንተርኔት መስመር ላይ ማስቀመጥ ሁለት እንቁላል አንድ ቅርጫት ውስጥ ማስቀመጥ ነው። በምሥራቅ አዲስ ጎሮ አካባቢ ባለው አይሲቲ ፓርክ እንደ ራክሲዮና ዊንጉ ያሉ የዳታ ሴንተር ድርጅቶች ቦታ ያከራያሉ። አንዱን ቢሮ፣ ሌላውን እዚያ ማድረግ ይቻላል። ግን ልብ በሉ፣ የጋራ አድራሻው ዘዴ የሚሠራው በመደበኛው አንድ የውስጥ ኔትዎርክ ላይ ነው። ቦታው ሲራራቅ ላኪው ሁለት አድራሻ ይዞ አንደኛው እምቢ ሲል ወደ ሁለተኛው እንዲዞር ይደረጋል።

ደግሞ መሞከር አለበት። የዋናውን ሰርቨር ኬብል በጠራራ ፀሐይ፣ ሁሉም ባለሙያ ባለበት ነቅሎ ማየት ነው። ያልተሞከረ ተተኪ መኖሩ የሚታወቀው በክፉ ቀን ነው፤ አለመኖሩም እንደዚያው።

📌 እናንተስ ምን ታደርጋላችሁ?

የባንክና የክፍያ ኤስኤምኤሶችን ስልኩ ሞላ ብላችሁ አታጥፉ። የትራንዛክሽን ቁጥሩን ስክሪንሾት አድርጉ። ሰዓት ስትናገሩ ደግሞ «ከቀኑ 8 ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር» በሉ። የእኛ ከቀኑ 8፡14 በፈረንጅ ሰዓት 14፡14 ነው፤ ብዙ ሰርቨሮች በሚጽፉበት የዓለም ሰዓት ደግሞ 11፡14። «8፡14» ብቻ ካላችሁ ባለሙያው የጠዋቱን 8፡14 ሲፈልግ ሊውል ይችላል።

የእነሱ ሁለቱም ሰርቨር ቢጠፋ እንኳ ሦስተኛው ኮፒ ኪሳችሁ ውስጥ አለ ማለት ነው።

ብር ተቆርጦባችሁ በማስረጃ ያስመለሳችሁ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ንገሩን። ስልኩ ሲሞላ ኤስኤምኤስ ለሚያጠፋ ጓደኛችሁም ሼር አድርጉለት 🙏