የተጎታች መኪና ጎማ

ከቦምቤ ወደ ወላይታ ሶዶ ሞተሩ የተበላሸ መኪና በሌላ መኪና ኋላ ታስሮ ሲጎተት ያየ ሰው፣ «ሞተሩ እንደሆነ አይሠራ፤ ጎማው በምን ይጎዳል?» ይል ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም፤ ጎማን የሚበላው ከመሬት ጋር መፋተጉ ነውና።

ተጎታቹ መሪው እንደ ተቆለፈ ከተሳበ፣ የፊት ጎማዎቹ በየኩርባው መዞር ስለማይችሉ በጎናቸው እየተፋቁ ይሄዳሉ። የእጅ ፍሬኑ ሳይለቀቅ ቀርቶ ጎማው ከታሰረም በአንድ ወገን ተልጦ ይቀራል። ከሁሉ የሚከፋው፣ የኋለኛው ጎማ ቢተነፍስ የፊተኛው ሾፌር ላይሰማው ይችላል፤ ጎማው ግሎ እስኪቀደድ ድረስ ይነዳል። ስለዚህ ከመነሣት በፊት መሪው ይከፈት፤ ፍሬኑ ይለቀቅ፤ ነፋሱ ይለካ፤ በመንገድም እየቆሙ ጎማውን ማየት ይገባል።

የጎማ አበላል እንደ ጽሑፍ ይነበባል። ሁለቱ ጠርዞች አልቀው መካከሉ ከተረፈ ነፋሱ አንሶ ነበር፤ መካከሉ ብቻ ካለቀ በዝቶ ነበር፤ አንዱ ጠርዝ ብቻ ካለቀ ደግሞ የጎማዎቹ አሰላለፍ ተዛብቷል ማለት ነው።

እናንተ ወጣቶች፣ በመሥሪያ ቤት ወንበር ስትቀመጡ የአዲስ ጎማ መግዣ ወረቀት ይቀርብላችኋል። ከመፈረማችሁ በፊት «አሮጌው ይምጣና ይታይ» በሉ፤ ምክንያቱ ሳይታወቅ የተገዛ ጎማ እንደ ፊተኛው ያልቃልና። ጎማ ዕድሜውን ጨርሶ በረባሶ ቢሆን ወግ ነው፤ ያለ ጊዜው ሲያልቅ ግን የሚባክነው የሕዝብ ገንዘብ ነው፤ ቁልቁለት ላይ ከፈነዳም የሰው ሕይወት ነው።