ከበደ፣ አበበና ደበበ አንድ ሰው ሲሆኑ

ከበደ፣ አበበና ደበበ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ኮምፒዩተሩ ዘንድ ግን አንዳንዴ አንድ ይሆናሉ፤ የሦስቱም ስም «???» ሆኖ ይወጣል። ይህንን ያየ ሰው ብዙውን ጊዜ «ሲስተሙ አማርኛ አይችልም» ብሎ ያልፈዋል። ይችላል እኮ! አብዛኛውን ጊዜ የጎደለችው ሳትጻፍ የቀረች አንዲት መስመር ናት።

ነገሩን በኦራክል ዳታቤዝ እንየው። ባለሙያዎች ዳታቤዙን ከሚያዙባቸው መሣሪያዎች አንዱ ኤስኪውኤል ፕላስ ነው፤ ጥቁር መስኮት ላይ ትዕዛዝ እየተጻፈ የሚሠራበት። ይህ መሣሪያ ሲነሳ «ኤንኤልኤስ ላንግ» የሚባል ቅንብር ይፈልጋል። ቅንብሩ «ተጠቃሚው በየትኛው የፊደል ኮድ ነው የሚጽፈው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ነው። መልስ ካላገኘ ነባሪውን ይወስዳል፤ ነባሪው ደግሞ 128 ምልክቶች ብቻ ያሉት አስኪ ነው። እዚያ ውስጥ የግዕዝ ፊደል የለም። ስለዚህ ዳታቤዙ ውስጥ በትክክል የተቀመጠው «ከበደ» ወደ መስኮቱ ሲመጣ ማረፊያ ያጣና እያንዳንዱ ፊደል በጥያቄ ምልክት ይተካል።

«ታዲያ ምን ችግር አለው? ዋናው መረጃ አልተነካ» ትሉ ይሆናል። ማንበብ ብቻ ከሆነ እውነት ነው። ጉዱ የሚመጣው አንዱ ዝርዝሩን ወደ ፋይል አውጥቶ፣ ጥቂት አስተካክሎ መልሶ ያስገባው ዕለት ነው። ያኔ የጥያቄ ምልክቱ ራሱ ስም ሆኖ ይመዘገባል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እዚህ ግን የፈሰሰው አይለቀምም። ከሦስት የጥያቄ ምልክቶች ውስጥ ከበደን ከአበበ ለይቶ የሚያወጣ ጥበብ የለም። ወይ ባክአፕ ይኖራል፣ ወይ ሰውየው መታወቂያውን ይዞ እንደገና ይሰለፋል።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ተርሚናሉና ፋይሎቹ በዩቲኤፍ 8 የሚሠሩ ከሆነ የኤንኤልኤስ ላንግ የመጨረሻ ክፍል «ኤኤል32ዩቲኤፍ8» ተብሎ ይሞላል። ከባዱ ጥያቄ «የት ይጻፍ?» የሚለው ነው።

በሊኑክስ ሰርቨር ላይ ብዙ ሰው የሚጽፈው በራሱ ማውጫ ባለው «ባሽ አርሲ» በሚባለው የማስነሻ ፋይል ውስጥ ነው። «አርሲ» የሚለው ቅጥያ በ1960ዎቹ በአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ከነበረው «ራንኮም» ከተባለ የትዕዛዝ ማስኬጃ ዘዴ የወረሰ ነው። የፋይሉ ስም በነጥብ ስለሚጀምር በተለመደው የፋይል ዝርዝር ላይ አይታይም። ጉዳዩም ያለው እዚህ ላይ ነው። ፋይሉ የአንድ ሰው ነው፣ ተደብቋል፣ የሚነበበውም ሰው ተርሚናል ከፍቶ ሲቀመጥ ነው። ሌሊት በክሮን በራሱ የሚነሳ ሥራ አያነበውም። በዚህ ምክንያት ቀን በእጅ ሲሞከር ጥርት ብሎ የሠራው ሪፖርት ሌሊት በጥያቄ ምልክት ተሞልቶ ያድራል።

የአቋራጭ ትዕዛዝም (አሊያስ) ነገር እንደዚሁ ነው። ኤስኪውኤል ፕላስ በሊኑክስ ላይ የቀስት ቁልፎችን በወጉ ስለማይረዳ ባለሙያዎች «አርኤልራፕ» በሚባል መጠቅለያ ያስነሱታል፤ ያኔ የቀድሞ ትዕዛዝን መልሶ መጥራትና ማረም ይቻላል። ይህንን በአሊያስ ማድረግ ደስ ይላል፣ ግን አሊያስ በተለመደው አሠራር በስክሪፕት ውስጥ አይሠራም።

የሚሻለው አንድ የጋራ መጠቅለያ ስክሪፕት ጽፎ ሁሉም በሚያገኘው ማውጫ ማስቀመጥ ነው። ስክሪፕቱ መጀመሪያ ኤንኤልኤስ ላንግን ይሞላል። ከዚያ ተርሚናል ላይ ሰው ካለ በአርኤልራፕ በኩል፣ ከሌለ በቀጥታ ኤስኪውኤል ፕላስን ያስነሳል። ሰውም ክሮንም የሚጠሩት እሱን ብቻ ይሆናል።

የመስመር ስፋትና የገጽ ርዝመት ዓይነቱ የምቾት ነገር በ«ሎጊን» ፋይል ውስጥ ቢቀመጥ ይበቃል። ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። ኤንኤልኤስ ላንግን እዚያ መጻፍ ዋጋ የለውም፤ ፋይሉ የሚነበበው መሣሪያው ከተነሳ በኋላ ነውና ጊዜው አልፏል። ከ12.2 ዕትም ወዲህ ደግሞ መሣሪያው ይህንን ፋይል ካላችሁበት ማውጫ አያነብም፤ መንገዱ «ኦራክል ፓዝ» በተባለው ቅንብር መነገር አለበት። አንድ ማስጠንቀቂያም አለ፦ አርኤልራፕ የጻፋችሁትን ትዕዛዝ በታሪክ ፋይል ያስቀምጣል። የይለፍ ቃልን ከትዕዛዙ ጋር በአንድ መስመር የሚጽፍ ሰው ምስጢሩን እዚያው ትቶት ይሄዳል።

መሥራቱን ለማረጋገጥ አንድ የሙከራ ስም አስገቡና «ደምፕ» በተባለው ተግባር እዩት፤ በእጅም በክሮንም። የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ስለሚይዝ «ከበደ» 9 ባይት ሆኖ መታየት አለበት። ርዝመቱ 3 ሆኖ «63፣ 63፣ 63» ካያችሁ፣ 63 የጥያቄ ምልክት ቁጥር ነው፤ ከበደ ጠፍቷል ማለት ነው። ያኔ የሌሊቱን ሥራ አስቁሙ፤ ስንት ሰው ስሙን እንዳጣ ነገ ከመቁጠር ዛሬ አንድ መስመር መጻፍ ይቀላል።